«ደጋጎቹ ልጆች»
ስለ ቶሪኖዋ የእግዚአብሔር መግቦት ትንሽ ቤት የተጻፈ ታሪክ

እግዚአብሔር አዳምን ከፈጠረ በኋላ እንስሳትን ሁሉ ወደ እርሱ አምጥቶ ስም ያወጣላቸው ዘንድ ሥልጣን እንደ ሰጠው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎአል። እንግዲህ ስም ማውጣት ለሰው ከተሰጠው ሥልጣን የመጀመሪያው ነው። ዳሩ ግን ሰው ይህን ሥልጣን በወንድሙ ላይ ባደረገው ጊዜ አንዳንዴ ለክብር፥ ብዙ ጊዜም ለውርደት አድርጎታል። አእምሮአቸው ከዕድሜአቸው ጋር እኩል ያላደገ፥ አንደበታቸው የታሰረ፥ ኀዘናቸውና ቍጣቸው ምክንያቱ ለሌላው የማይታወቅ፥ ጠባያቸው ከባልንጀሮቻቸው የተለየ ልጆች በየአገሩና በየዘመኑ ይወለዳሉ። ሰውም ለእነዚህ ልጆች ያወጣው ስም አብዛኛው ስድብ ነው።

ከዚህ ልማድ ወጥተው የክብር ስም ካወጡላቸው ሰዎች አንዱ በኢጣልያ አገር በቶሪኖ ከተማ የነበረው ካህን ቅዱስ ዮሴፍ ቤኔዲክቶስ ኮቶሌንጎ ነው። እርሱ በአገሩ ቋንቋ «ቡዎኒ ፊሊ» ብሎ ጠራቸው፤ ትርጓሜውም «ደጋግ ልጆች» ማለት ነው። ያ ስም እንዴት እንደ ተወለደ፥ በምን ዓይነት ቤት እንዳደገ፥ በኋላም ምን እንደ ደረሰበት ቀጥሎ ይነገራል። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።

፩፤ በሁለት ደጆች መካከል

ኮቶሌንጎ በፒየሞንቴ አውራጃ ብራ በምትባል ከተማ በ1786 ዓ.ም. ተወለደ። ለአባቱና ለእናቱ ከተወለዱት ዐሥራ ሁለት ልጆች የበኵሩ እርሱ ነበረ። ዘመኑ የጦርነትና የሁከት ዘመን ስለ ነበረ ትምህርቱን በችግር ተምሮ በ1811 ዓ.ም. ክህነት ተቀበለ። ቆይቶም በቶሪኖ ከተማ ኮርፑስ ዶሚኒ፥ ማለት የጌታ ሥጋ፥ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ከሚያገለግሉት ካህናት ማኅበር ገባ። ኑሮው የተደላደለ፥ ስሙም የተከበረ ነበረ፤ ነገር ግን ዕድሜው አርባ ዓመት እስኪሞላ ድረስ የተጠራበትን ሥራ ያገኘ አልመሰለውምና ልቡ አላረፈም። የድኆች አባት የሆነውን የቅዱስ ቪንሴንት ዘጳውሎስን ገድል ያነብ ነበር።

በ1827 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 2 ቀን አንዲት ፈረንሳዊት ሴት ከባልዋና ከልጆችዋ ጋር ከሚላኖ ወደ ሊዮን ስትጓዝ በቶሪኖ ታመመች። ስምዋ ዮሐና ማርያም ጎኔ ይባል ነበር። ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ደግሞም ብርቱ በሽታ ይዞአት ነበር። ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ቢወስዱአት ነፍሰ ጡር ስለ ሆነች አንቀበልም አሉ። ወደ መውለጃ ቤት ቢወስዱአት በሽተኛ ስለ ሆነች አንቀበልም አሉ። በመጨረሻው ማደሪያ የሌለው ሰው ሁሉ በሚወድቅበት ክፉ ቤት አስተኙአት፤ ኮቶሌንጎም ተጠርቶ ወደዚያ ሄደ። አናዘዛት፥ ቅብዓ ቅዱስም ቀባት። የተወለደው ሕፃን ተጠምቆ ወዲያው ሞተ፤ እናቲቱም ባልዋና ልጆችዋ እያለቀሱ ዐረፈች።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አስተውሎ ለሚመረምር አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ፤ ይኸውም ክፉ ሰው አለመገኘቱ ነው። የሐኪም ቤቱ ሹም ደንቡን ጠበቀ። የመውለጃ ቤቱም ሹም ሌሎቹ እናቶች በሽታ እንዳይጋባባቸው ደንቡን ጠበቀ። ሁለቱም ደንቦች እያንዳንዳቸው ምክንያት ነበራቸው። ሴቲቱ ግን በሁለት ደንቦች መካከል ባለው ባዶ ስፍራ ወድቃ ሞተች። ኮቶሌንጎ ያየው ያን ባዶ ስፍራ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ተመልሶ በእመቤታችን ሥዕል ፊት መብራት አስበርቶ፥ ደወልም አስደውሎ፥ ሕዝቡ ምን ሆነ እያለ ሲሰበሰብ ከእነርሱ ጋር ጸሎት አደረሰ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የተጠራበትን ሥራ አወቀ።

፪፤ ትንሽ የተባለችው ቤት

በ1828 ዓ.ም. በጃንዋሪ 17 ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ ጥቂት ክፍሎች ተከራይቶ አልጋ ዘረጋ። ሌላ ቤት ያልተቀበላቸውን በሽተኞች በዚያ ይቀበል ጀመር። አንድ ሐኪም፥ አንድ መድኃኒት ቀማሚና ማሪያና ናዚ የምትባል ባልዋ የሞተባት ሴት ረዱት። ነገር ግን በ1831 ዓ.ም. የኮሌራ ወሬ በአገሩ ተሰማ፤ በከተማው መካከል የበሽተኞች ቤት መኖሩ ያሰጋል ተብሎ ቤቱ ተዘጋ።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ወደ ቀድሞ ኑሮው በተመለሰ ነበር። ኮቶሌንጎ ግን በ1832 ዓ.ም. በኤፕሪል 27 ቀን ከከተማው ዳር ቫልዶኮ በሚባለው ስፍራ፥ በዚያን ጊዜ መጠጥ ቤቶች በሞሉበትና ስሙ ባልተመሰገነ ሰፈር፥ አንድ ታናሽ ቤት ያዘ። የመጀመሪያው በሽተኛ፥ እግሩ በቍስል የተበላ ጎልማሳ፥ በአህያ በሚጎተት ጋሪ ሆኖ ገባ። በደጁም ላይ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ፍቅር አስገዳጅነት ከጻፈው ቃል ተወስዶ ተጻፈበት።

ቤቲቱንም «የእግዚአብሔር መግቦት ትንሽ ቤት» ብሎ ሰየማት። ይህች ቤት ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደ አንዲት ከተማ ሰፋች፤ ትንሽ የሚለው ስምዋ ግን አልተለወጠም። ምክንያቱም ዓለም ሁሉ የእግዚአብሔር መግቦት ታላቅ ቤት ነውና የሰው እጅ የሚሠራው ቤት ምንም ቢሰፋ ከዚያ አጠገብ ትንሽ ነው። የስሙ ሰም ትንሽነት ነው፤ ወርቁ ግን በእግዚአብሔር መታመን ነው። ስለዚህም ኮቶሌንጎ ለነገ የሚቀመጥ ገንዘብ እንዲከማች አልወደደም፤ የመጣውን ለመጣው ሰው አዋለው። በ1833 ዓ.ም. ንጉሡ ካርሎ አልቤርቶ ለቤቲቱ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጣት።

በቤቲቱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች «ቤተ ሰብ» እየተባሉ ይከፈሉ ነበር እንጂ እንደ ሐኪም ቤት ልማድ በበሽታቸው ስም አይቈጠሩም ነበር። ወላጅ የሞተባቸው ልጆች አንድ ቤተ ሰብ ሆኑ። መስማትና መናገር የተሳናቸው ሌላ ቤተ ሰብ ሆኑ። የሚጥል በሽታ ያለባቸው፥ አካላቸው የተጐዳ፥ ሽማግሎችና አሮጊቶች እንዲሁ በየቤተ ሰባቸው ሆኑ። መኖሪያ ቤቶቹም የእምነት ቤት፥ የተስፋ ቤት፥ የፍቅር ቤት የሚባሉ ስሞች ተሰጡአቸው። ይህችን ሁሉ ነፍስ የሚያገለግሉ እኅቶች፥ ወንድሞችና ካህናት በማኅበር ተቋቋሙ፤ ለጸሎት ብቻ የተለዩ ገዳማትም ተመሠረቱ። ከእነዚህም ቤተ ሰቦች አንዱ የደጋጎቹ ልጆች ቤተ ሰብ ነበረ።

፫፤ ስማቸው እንዴት ተለወጠ

የዚህን ስም ክብደት ለማወቅ በዚያ ዘመን በተራራው አገር የነበረውን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ፒየሞንቴ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ ያለ አገር ነው። በተራሮቹ መካከል ባሉት ሸለቆዎች እንቅርት የያዛቸው ሰዎች እጅግ ብዙዎች ነበሩ፤ ቁመታቸው ያጠረ፥ ጆሮአቸው የደነቈረ፥ አእምሮአቸውም ያልበሰለ ልጆች በየመንደሩ ይወለዱ ነበር። ሰውም ይህ የውኃው ነው፥ የአየሩ ነው፥ የወላጆች ኀጢአት ነው እያለ የየራሱን ግምት ይናገር ነበር። ንጉሡ ካርሎ አልቤርቶ ነገሩን የሚመረምሩ ሊቃውንት አቁሞ የምርመራቸው መጽሐፍ በ1848 ዓ.ም. በቶሪኖ ታተመ። ምክንያቱ በእውነት የታወቀው ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። በተራራው አፈር ውስጥ አዮዲን የሚባለው ንጥረ ነገር ጥቂት ስለ ሆነ በእህሉም በውኃውም አይገኝም፤ እናቲቱ አዮዲን ካጣች በማኅፀንዋ ያለው ልጅ አእምሮ አይጐለምስም። መድኃኒቱም ጥቂት አዮዲን በጨው ውስጥ መጨመር ሆነ። የኀጢአት ቅጣት ሲባል የኖረው ነገር አንድ ቍንጣሪ ጨው የሚከለክለው ነበር።

እነዚህን ሰዎች የአገሩ ሕዝብ በፈረንሳይኛ «ክሬተን» ይላቸው ነበር። የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚሉት ይህ ቃል በተራራው ሰዎች አነጋገር «ክርስቲያን» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በመጀመሪያ የጠሩአቸው ሰዎች በርኅራኄ ነበር፤ እነዚህም እንደ እኛ ክርስቲያኖች ናቸው፥ ነፍስ ያላቸው ሰዎች ናቸው ለማለት ነበር። እየቆየ ግን ርኅራኄው ከቃሉ ወጣ፤ ቃሉም ባዶ ሲቀር ንቀት ገባበት፤ በመጨረሻም የሞኝ ስድብ ሆነ። በምድር ላይ ካሉት ስሞች ሁሉ የከበረው የክርስቲያን ስም እንዲህ ባለ መንገድ ወደ ስድብ ወረደ።

ኮቶሌንጎም በዚያው አገር፥ ከዚያው ሕዝብ መካከል እነዚህን ልጆች ተቀበለ። ሐኪም ቤት አይቀበላቸውም፤ የሚድን በሽታ የለባቸውምና። ትምህርት ቤት አይቀበላቸውም፤ ከሌሎቹ እኩል አይማሩምና። ጌታ ወይም ሠራተኛ ፈላጊ አይቀበላቸውም፤ ደመወዝ የሚያስገኝ ሥራ አይሠሩምና። ዮሐና ማርያም በሁለት ደጆች መካከል ወደቀች፤ እነዚህ ልጆች ግን በሁሉም ደጆች መካከል የወደቁ ነበሩ። እርሱ ወደ ቤተ ሰብ አስገብቶ «ደጋጎቹ ልጆች» አላቸው፤ ሴቶቹንም እንዲሁ «ደጋጎቹ ሴቶች ልጆች» አላቸው። «ልጅ» ማለቱ አባት አለው ማለት ነው። «ደግ» ማለቱም ክፋትን አስቦ የማያደርግ ማለት ነው። በማወቅ የማይመካ ሰው በማወቁ ከሚበድል ሰው እንደሚሻል ያመለክታል።

በዚያው ዘመን ሌላ ሰው ደግሞ ለእነዚሁ ልጆች ተነሥቶ ነበር። በስዊስ አገር ጉገንቡል የሚባል ወጣት ሐኪም በ1840ዎቹ መጀመሪያ አቤንድቤርግ በሚባል ተራራ ላይ ለእነርሱ ማሳደጊያ ከፈተ። የተራራው አየር፥ መልካም ምግብና ትምህርት ፈጽሞ ያድኑአቸዋል ብሎ ተስፋ ሰጠ። ከአውሮጳ ነገሥታትና ሊቃውንት ብዙዎች አመሰገኑት፤ ሌሎችም በየአገራቸው እንደ እርሱ ያለ ቤት ከፈቱ። ይህ በጎ ሥራው አይካድም። ነገር ግን የሰጠው የመዳን ተስፋ አልተፈጸመም፤ የቤቱም አያያዝ ተጓድሎ ሲገኝ ያመሰገኑት ሁሉ ነቀፉት፥ ማሳደጊያውም ተዘጋ። ኮቶሌንጎ እንዲህ ያለ ተስፋ ለማንም አልሰጠም። ልጁ ዳነም አልዳነም በማዕዱ ስፍራ አለው፤ ነገም ስፍራው ያው ነው። ልጁ እንዲወደድ አስቀድሞ መዳን አላስፈለገውም። በተአምር ላይ የቆመ ቤት ተአምሩ ሲዘገይ ይወድቃል፤ በፍቅር ላይ የቆመው ግን መዘግየቱን ይታገሣል።

ኮቶሌንጎ በሽተኞችን ሲያገለግል በተስቦ ታሞ በ1842 ዓ.ም. በኤፕሪል 30 ቀን ኪዬሪ በምትባል ከተማ ዐረፈ። ዕድሜውም ሃምሳ ስድስት ዓመት ሊሞላ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1934 ዓ.ም. ቅድስናውን ዐወጁ።

፬፤ ረግረጉን ያደረቁት እጆች

ኮቶሌንጎ በሞተበት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ከስዊስ ድንበር አጠገብ ባለ የተራራ መንደር ሉዊጂ ጓኔላ የሚባል ልጅ ተወለደ። እርሱም ካህን ሆነና በቶሪኖ ከቅዱስ ዮሐንስ ቦስኮ ጋር ሦስት ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ የቦስኮም ቤት በዚያው በቫልዶኮ ሰፈር ለኮቶሌንጎ ቤት ጎረቤት ነበረ። በ1886 ዓ.ም. በኮሞ ከተማ ቤት ባቋቋመ ጊዜ ያችንም የእግዚአብሔር መግቦት ቤት ብሎ ሰየማት፤ አእምሮአቸው የደከመውንም «ደጋጎቹ ልጆች» ብሎ ጠራቸው። እንዲህ ስሙ ከአንድ ካህን ወደ ሌላው ካህን ተላለፈ።

ጓኔላም ለስሙ አንድ ነገር ጨመረለት፤ ይኸውም ሥራ ነው። በ1900 ዓ.ም. ከኮሞ ሐይቅ ራስጌ ፒያን ዲ ስፓኛ የሚባለውን፥ ወባ የሚነሣበትንና ለእርሻ የማይሆነውን ረግረግ ተቀብሎ ውኃውን ሊያጠፋ ተነሣ። ለዚህም ሥራ ይዞአቸው ከወረደው መካከል ደጋጎቹ ልጆች ነበሩ። ለምንም አይረቡም የተባሉት እጆች ቦይ ቆፈሩ፥ ዐፈር ተሸከሙ፥ ችግኝ ተከሉ፤ ለምንም አይረባም የተባለው ምድር እርሻ ሆነ፤ መንደርም ቆመበት። ጓኔላ በ1915 ዓ.ም. ዐረፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤኔዲክቶስ 16ኛ ቅድስናውን ዐወጁ። የመሠረታቸው የእኅቶችና የካህናት ማኅበሮች በብዙ አገር ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

፭፤ ስም ሲወድቅ

ስም እንደሚያነሣ ሁሉ ስም ይገድላል። በጀርመን አገር በ1920 ዓ.ም. አንድ የሕግና አንድ የሕክምና ሊቅ በአንድነት ባወጡት መጽሐፍ እነዚህን ሰዎች «ለመኖር የማይገባ ሕይወት» ብለው ጠሩአቸው። በዚያን ጊዜ ይህ የሊቃውንት ቃል ብቻ መሰለ። ዳሩ ግን ሃያ ዓመት ሳይሞላ የናዚ መንግሥት ቃሉን ወደ ሥራ አወጣው። ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ አእምሮአቸው የደከመና የታመመ ሰዎች፥ ልጆችም ሳይቀሩ፥ ከየማሳደጊያው እየተጫኑ ተወሰዱ፤ ከቤተ ክርስቲያን ማሳደጊያዎች የተወሰዱም ነበሩ። እስከ 1941 ዓ.ም. ኦገስት ወር ድረስ ብቻ ከ70,000 የሚበልጡ ሰዎች በመርዝ ጢስ ተገደሉ። በዚያው ወር በ3ኛው ቀን የሙንስተር ከተማ ጳጳስ ክሌሜንስ አውጉስት ፎን ጋሌን በአደባባይ ከቤተ ክርስቲያን መስበኪያ ላይ ቆመው ይህ ነፍስ መግደል ነው ብለው ገሠጹ። የስብከታቸውም ቃል በስውር እየተገለበጠ በአገሩ ሁሉ ተበተነ። በጢስ መግደሉ በዚያው ወር እንዲቆም ታዘዘ፤ በረኃብና በመድኃኒት መግደሉ ግን እስከ ጦርነቱ ፍጻሜ በስውር ቀጠለ። ሰውን ልጅ ብሎ በመጥራትና የማይገባ ሕይወት ብሎ በመጥራት መካከል ያለው ርቀት በዚህ ይታወቃል።

የኮቶሌንጎም ቤት ነቀፋ አላጣትም። ዛሬ ሊደበቅ አይገባም። ኢታሎ ካልቪኖ የሚባል የታወቀ ኢጣልያዊ ጸሐፊ በ1963 ዓ.ም. ባሳተመው ታሪክ፥ በ1953 ዓ.ም. ለሕዝብ ምርጫ በዚያች ቤት ውስጥ ድምፅ ሲሰጥ ምን እንደ ነበረ ገለጸ። የሚመርጡትን የማያውቁ ድኩማን ድምፅ እንዲሰጡ መደረጋቸውን ነቀፈ። ነገር ግን በዚያው ታሪክ አንድ የባላገር ሽማግሌ ልጁን ሊጠይቅ መጥቶ ለውዝ እየፈለፈለ ሲያበላውና ዝም ብሎ ሲያየው ያሳያል፤ የእምነት ሰው ያልሆነውም ታዛቢ ከዚህ ፊት ቆሞ ስለ ፍቅር ያስባል። ነቃፊው እንኳ በቤቲቱ ውስጥ ያገኘውን መልካም ነገር አልሸሸገም።

ሌላም ነቀፋ አለ። ሰዎቹ በአንድ ቅጥር ውስጥ መሰብሰባቸው ከረኃብና ከጎዳና አዳናቸው፤ ነገር ግን ከጎረቤትና ከዓለም ዓይን ሰወራቸው። በኋላ ዘመን የመጡ ሊቃውንት ልጅ በወላጆቹ ቤት፥ በሰፈሩ ትምህርት ቤት፥ ከባልንጀሮቹ ጋር ቢያድግ እንደሚሻል አስተዋሉ። የኢጣልያም መንግሥት በ1977 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ እነዚህ ልጆች ተለይተው የሚቀመጡባቸውን ክፍሎች አስቀርቶ ከሌሎቹ ልጆች ጋር በአንድነት እንዲማሩ አደረገ። ይህ የኮቶሌንጎን ሥራ የሚያፈርስ ሊመስል ይችላል። በእውነቱ ግን ይፈጽመዋል። እርሱ ቤት የሠራው ደጅ ሁሉ ስለ ተዘጋ ነው፤ ደጆቹ ቢከፈቱ ኖሮ ሌላ ቤት ባላስፈለገ ነበር።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። በኢጣልያ አገር «ኮቶሌንጎ» የሚለው የቅዱሱ ስም ራሱ በሰው አፍ ስድብ ሆነ። ልጆች ሲጣሉ፥ ዐዋቂዎችም ሲናናቁ፥ የዚያች ቤት ሰው ነህ ለማለት በዚህ ስም ይሰዳደባሉ። የተሰደቡትን የክብር ስም የሰጠ ሰው ስሙ ስድብ ሆነ። «ክርስቲያን» የሚለው ቃል የሄደበትን መንገድ ይህም ስም ሄደበት። እንግዲህ ማንኛውም መልካም ስም ብቻውን አይቆምም። ስም እንደ እሳት ነው፤ ማገዶው የዕለት ዕለት ሥራ ነው፤ ማገዶው ሲያልቅ አመድ ብቻ ይቀራል።

፮፤ በኢትዮጵያ

ይህ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። ኮቶሌንጎ ቤቱን በሚያሰፋበት ዘመን፥ ከ1834 እስከ 1836 ዓ.ም. ድረስ፥ በዚያው በቶሪኖ በአንድ ሐኪም ቤት የነፍስ አባት ሆኖ ያገለግል የነበረ አንድ የካፑቺን መነኵሴ ነበረ። በዚያም ከጸሎቱ ጋር ጥቂት የሕክምና ዕውቀት ተማረ። ይህም ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አባ ማስያስ የተባለው ጉልየልሞ ማሳያ ነው። በኦሮሞ አገርና በሸዋ ብዙ ዘመን ሲያስተምር ሕዝቡን የፈንጣጣ ክትባት ይከትብ ነበር። ከዚያች ከተማ ወጥቶ ወደዚህ የደረሰ በሽተኛን የማገልገል ልማድ እንዲህ ቀድሞ ታይቶአል። በ1973 ዓ.ም. ደግሞ የካልካታዋ ቅድስት ትሬዛ እኅቶች ወደ አዲስ አበባ ገቡ፤ በቤታቸውም ከተቀበሉአቸው መካከል ሌላ ቤት ያልተቀበላቸው፥ አካላቸውና አእምሮአቸው የተጐዳ ልጆች ይገኛሉ።

የአልፕስ ተራሮች እንቅርት በኢትዮጵያም ደጋ የታወቀ ነው፤ ምክንያቱም ያው የአዮዲን ማነስ ነው። ስለዚህ ለምግብ የሚሆን ጨው አዮዲን እንዲኖረው በ2011 ዓ.ም. ደንብ ወጣ። ይህን ጨው ለነፍሰ ጡር መስጠት ታናሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ልጅ ከዚህ ድካም ይጠበቃል። ድካሙ ሁሉ ግን ከጨው ማነስ የሚመጣ አይደለም። በወሊድ ጊዜ በደረሰ ጉዳት፥ በሕፃንነት ሕመም፥ ወይም ሐኪሞች ገና መርምረው ባልጨረሱት ምክንያት የሚመጣ አለ። በማናቸውም ቢሆን የእናትና የአባት ኀጢአት ውጤት ነው ብሎ መፍረድ፥ ጌታችን ስለ ዕውሩ ሰው ተጠይቆ የሰጠውን መልስ መርሳት ነው።

በአማርኛም የስም ነገር አለ። «የዋህ» የሚለው ቃል በወንጌል ብፁዓን ከተባሉት የአንዱ ስም ነው፤ ጌታችንም ስለ ራሱ የተናገረበት ቃል ነው። በገበያ ግን የዋህ ማለት የሚታለል፥ የማያውቅ ማለት ሆኖአል። በቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ምእመናን አሜን የሚሉበት ቃል በደጁ ሲወጡ መሳቂያ ከሆነ፥ ይህ ሕዝብም በተራራው ሰዎች መንገድ መሄድ ጀምሮአል።

ብዙ ወላጆች እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድላቸው በጓዳ ይሸሽጉታል። ይህን የሚያደርጉት ልጁን ጠልተው አይደለም፤ የሰውን አፍ ፈርተው ነው። በዓል ሲሆን ቤተ ሰቡ ነጭ ለብሶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፤ አንዱ ልጅ ከአያቱ ጋር በሩ ተዘግቶበት ይቀራል። ካህኑ ለጠበል ወይም ለጸሎት ወደ ቤት ሲገባ ስንት ልጆች አሉአችሁ ብሎ ቢጠይቅ፥ ከቍጥሩ አንድ ይጐድላል። እንግዲህ በር የዘጋችው እናቲቱ ብቻ ናትን? የሰፈሩ ሳቅ ቍልፉን አልሰጣትምን?

ኢዮቤልዩ በኦሪት ሕግ በዓል ብቻ አልነበረም። ቀንደ መለከት ሲነፋ የታሰረው ይፈታ ነበር፤ የተሸጠውም ወደ ወገኖቹ ይመለስ ነበር። በዚያች ዓመት ማንም ከቤተ ሰቡ ውጭ አይቀርም ነበር። ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩ ስታደርግ በጓዳ የተዘጋው ልጅ ወደ ወገኖቹ ካልተመለሰ መለከቱ ለማን ተነፋ ያሰኛል።

ለዚህም ታላቅ ሕንፃ ወይም ብዙ ገንዘብ አስቀድሞ አያስፈልግም። ኮቶሌንጎ የጀመረው በተከራየው ክፍልና በጥቂት አልጋ ነው። ካህኑ ሲጠይቅ ልጁን በቍጥር ያስገባ። ጎረቤት እናቲቱ ጥቂት ታርፍ ዘንድ ልጁን ለአንድ ሰዓት ይጠብቅላት። የጽዋ ማኅበሩ ልጁን ከማዕዱ ያስቀምጠው። የሚያስተምረው ሰው ወይም የሚመረምረው ሐኪም ቢገኝ ወላጆቹ ሳያፍሩ ይውሰዱት። ሲጮኽ ወይም ሲንቀጠቀጥ በቅዳሴው መካከል የሚዞሩት ዓይኖች በርኅራኄ ይዙሩ።

ስም ደግሞ ለእርሱ አዲስ መፈለግ አያስፈልግም። በተጠመቀ ጊዜ የክርስትና ስም ወጥቶለታል፤ ያም ስም በዚህች ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ከወንድሞቹ ስም ጋር በአንድ ቀለም ተጽፎአል። ያን ስም የሰጠችው ቤተ ክርስቲያን ራስዋ ናት። በዚያ ስም ትጥራው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።